ከሰሉ ምን ይጠብቃል? የብራያን ስፓልዲንግ የምርምር ሕይወት

[ምስል፦ የከሰል ምድጃ፣ በላዩ ጀበና። አንድ እጅ በማራገቢያ ያራግባል። አመድ የለበሰው ፍም ቀስ በቀስ ይቀላል።]

ይህን ሁላችንም አይተነዋል። ከሰሉ ተያይዟል፣ ግን አመድ ለብሶ ደብዝዟል። ማራገቢያው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወዛወዝ ፍሙ ቦግ ይላል። ከሰሉ ያው ከሰል ነው። ሙቀትም አልጨመርንለትም፤ እንዲያውም ያራገብንለት አየር ቀዝቃዛ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የተለወጠው ኦክስጅን ፍሙ ጋ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ከሰል በደንብ ከጋለ በኋላ ከኦክስጅን ጋር ለመዋሃድ ጊዜ አይፈጅበትም። ጊዜ የሚፈጀው መገናኘቱ ነው።

ይህችን ሐሳብ ያዙልኝ። ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት በእሷ ዙሪያ ነው።

[ምስል፦ የለንደን ካርታ። ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ኒው ማልደን ላይ ነጥብ ይበራል።]

ብራያን ስፓልዲንግ በ1923 እንግሊዝ ውስጥ ኒው ማልደን በተባለ ቦታ ተወለዱ። (በዚህ ቪዲዮ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኦክስፎርድ ምህንድስና ተማሩ። ከዚያ ለዶክትሬት ካምብሪጅ ገቡ፤ ጥያቄያቸውም ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ የፈሳሽ ነዳጅ ጠብታ በምን ያህል ፍጥነት ይነዳል?

[ምስል፦ አንዲት የላምባ ጠብታ በጣም ቀርባ። እሳቱ ጠብታዋን አይነካትም፤ ከገጿ ትንሽ ራቅ ብሎ ይከባታል።]

አስተውሉ፤ እሳቱና ፈሳሹ አልተነካኩም። ላምባ ፈሳሽ ሆኖ አይነድም፤ የሚነደው ተኑ ነው። እሳቱ ጠብታዋን ያሞቃታል፣ ጠብታዋ ትተናለች፣ ተኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ኦክስጅኑ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ይመጣል። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ላይ ነበልባሉ ይቆማል። እንግዲህ ፍጥነቱን ለማወቅ የኬሚስትሪውን ዝርዝር ሁሉ መፍታት ግድ አይደለም። ሙቀቱ ወደ ውስጥ፣ ተኑ ወደ ውጭ በምን ፍጥነት እንደሚሄዱ ማስላት ይበቃል።

ስፓልዲንግ ይህን በአንዲት ቁጥር አጠቃለሉት፤ ዛሬም በስማቸው የስፓልዲንግ ቁጥር ትባላለች። ከላይ እሳቱ ለጠብታዋ ሊሰጥ የሚችለውን ሙቀት፣ ከታች ነዳጁን ለማትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት አስቀምጡና አካፍሉ። የሚነድ ቤንዚን ላይ ውጤቱ ስምንት አካባቢ ይመጣል። አልኮል ለመትነን ብዙ ሙቀት ስለሚፈልግ ሦስት አካባቢ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ቢሆንም ቤንዚኑ ከአልኮሉ እጥፍ ፈጥኖ አይነድም፤ ልዩነቱ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ምክንያቱም የሚወጣው ተን ራሱ የሚመጣውን ሙቀት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ብዙ በተነነ ቁጥር ጠብታዋ ራሷን ከእሳቱ ትከላከላለች ማለት ነው። ቀመሩ ውስጥ ሎጋሪዝም፣ ማለትም ቁጥሩ ባደገ ቁጥር እየዘገየ የሚያድግ ስሌት፣ የገባው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ ዳገት የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና። ጥቁር ጭስ።]

ሌላም ነገር አለ። የጠብታዋን ከዳር እስከ ዳር ርዝመት በግማሽ ብትቀንሱት፣ ነዳ የምታልቅበት ጊዜ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። መካኒኮች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ሲያረጅ ነዳጁን እንደ ጉም መርጨት ትቶ ትልልቅ ጠብታ ይጥላል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ጊዜ ደግሞ የሴኮንድ ቁራጭ ነው፤ ትልቁ ጠብታ ነዶ ሳይጨርስ ይወጣል። ያ ጥቁር ጭስ ከአየር ጋር በወቅቱ ያልተገናኘ ነዳጅ ነው። የጄት አውሮፕላን ሞተርም የሚያቃጥለው ከላምባ ቤተሰብ የሆነ ነዳጅ ስለሆነ በዚሁ ሕግ ይገዛል።

[ምስል፦ ኢምፔሪያል ኮሌጅ፣ ለንደን። ከዚያ የተበሱ ካርዶች ክምር።]

በ1954 ስፓልዲንግ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገቡ። እዚያ ሳሉ ጥያቄው ሰፋ። አንዲት ጠብታ በወረቀትና በእርሳስ ትፈታለች። እቶን ውስጥ ያለ ነበልባል ግን አይፈታም፤ አየሩ ይሽከረከራል፣ ይጋጫል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ቦታውን በትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን በኮምፒውተር መቁጠር ግድ ሆነ። በ1960ዎቹ ከተማሪዎቻቸው ጋር የገቡበት ሥራ ይህ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል ከሕንድ የመጡት አክሻይ ሩንቻልና ሱሃስ ፓታንካር፣ ከእስራኤል የመጡት ሚካ ቮልፍሽታይን ይገኙበታል።

መጀመሪያ ስሌቱ እየተናጋ አስቸገራቸው። አንዱ መድኃኒት ነፋስ ከወዴት እንደሚመጣ ማስተዋል ነበር። ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታው የሚደርሳችሁ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እናንተ ሲነፍስ ነው፤ እናንተ የምትቆሉት ግን በዚያው ሰዓት እነሱ ጋ አይደርስም። ሳጥኖቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሙቀት የሚወስነው ከነፋሱ መምጫ በኩል ያለው ጎረቤቱ ነው። ከሁለቱም ወገን እኩል ከወሰዳችሁ ስሌቱ ይዋሻል።

ሁለተኛው ችግር ከባድ ነበር፦ ግፊት። የፍጥነት እኩልታ አለን። የግፊት ግን የራሱ እኩልታ የለውም። ያለን ግዴታ ብቻ ነው፤ ወደ ሳጥኑ የገባ አየር ሁሉ መውጣት አለበት።

[ምስል፦ የገበያ ሚዛን። ነጋዴዋ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች።]

በ1972 ፓታንካርና ስፓልዲንግ ያወጡት መላ የሚዛን ነገር ነው። ግፊቱን ገምት። በግምቱ ፍጥነቱን አስላ። ከዚያ እያንዳንዱን ሳጥን ተመልከት፤ ከወጣው የገባው በልጦ ከሆነ እዚያ ግፊቱን ጨምር፣ አንሶ ከሆነ ቀንስ። እንደገና አስላ። ሚዛኑ እስኪቆም ድረስ ድገም። ዘዴው ሲምፕል ይባላል፤ የተለያዩ ዝርያዎቹ ዛሬም በመላው ዓለም መሐንዲሶች በሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ይሠራሉ።

በዚያው ዘመን ከባልደረባቸው ከብራያን ላውንደር ጋር አየር መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀውን ተርቡለንስ (የአየር መናወጥ) በሁለት መጠኖች የሚወክል ሞዴል አወጡ። አንዱ የአዙሪቶቹ ጉልበት፣ ሌላው ጉልበቱ የሚከስምበት ፍጥነት ነው። በ1971 ደግሞ የሚናወጥ ነበልባል የሚነድበትን ፍጥነት አዙሪቶቹ በሚሰባበሩበት ፍጥነት ለኩት። አያችሁ? ከጠብታዋ ጋር ያው መልስ ነው፦ ወሳኙ መገናኘቱ ነው።

በ1974 ካም የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። መጀመሪያ ለየደንበኛው የተለየ ፕሮግራም ይጻፍ ነበር። በ1981 ግን ፊኒክስ የተባለውን ለማንኛውም ፍሰት የሚሆን አንድ ፕሮግራም ለገበያ አቀረቡ፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር።

[ምስል፦ የእንጨት ኤስካሌተር። ጨለማ። ድምፅ የለም።]

እንዲህ ያለ ስሌት ምን ያህል ሊታመን ይችላል? በኅዳር ወር 1987 ለንደን ኪንግስ ክሮስ የምድር ባቡር ጣቢያ ከእንጨት ኤስካሌተር በታች እሳት ተነሣ። ትንሽ እሳት ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ በድንገት ነበልባሉ እንደ ቱቦ ውኃ ተወርውሮ ከላይ ያለውን የትኬት አዳራሽ ሞላው። 31 ሰዎች ሞቱ።

እሳት ወደ ላይ እንደሚወጣ እንጂ ወለል ለወለል እንደሚወረወር ማን ያስባል? መርማሪዎቹ ሃርዌል ያለ የምርምር ማዕከል በኮምፒውተር እንዲያሰላው አደረጉ። ፕሮግራሙ የስፓልዲንግ አልነበረም፤ ነገር ግን ቦታውን በሳጥን ከፋፍሎ ግፊትን እየገመቱ ማረም ያው ነው። ስሌቱ ያሳየው ነበልባሉ ቀና ብሎ ሳይቆም በኤስካሌተሩ ቦይ ውስጥ ጋደም ብሎ ደረጃውን እየላሰ ሲወጣ ነው። ብዙዎች የፕሮግራሙ ስህተት ነው ብለው ተጠራጠሩ።

ስለዚህ ከእውነተኛው ሲሶ የሚያህል ኤስካሌተር ሠርተው አቃጠሉት። ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል እሳቱ እንደ ማንኛውም እሳት ነደደ። ከዚያ ተጋደመ፤ ልክ ስሌቱ እንዳለው። ዘንበል ያለው ቦይ በሁለቱ ግድግዳዎቹ መካከል እሳቱን አፍኖ ይዞ፣ ከፊቱ ያለውን እንጨት አስቀድሞ አግሎታል።

[ምስል፦ ሁለት ሰዎች በአንድ ትሪ ፊት። ሁለት እንጀራ በአንዱ በኩል ብቻ።]

ስፓልዲንግ ግን በእርጅናቸው የራሳቸውን ሞዴል መሞገት ጀመሩ። አንዱ ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጾሙን ቢያድር፣ በአማካይ አንድ አንድ በልተዋል እንላለን፤ የተራበው ግን እንደተራበ ነው። ነበልባል ውስጥም አንዲት ነጥብ ግማሹን ጊዜ 2000 ዲግሪ የጋለ ጋዝ፣ ግማሹን ያልነደደ ቀዝቃዛ አየር ታገኛለች። አማካዩ 1000 አካባቢ ይላል፤ እዚያ ነጥብ ላይ 1000 ዲግሪ የሆነ ነገር ግን ላይኖር ይችላል። ኬሚስትሪው ደግሞ ለሙቀት በጣም ስስ ስለሆነ በአማካይ ካሰላችሁት ውጤቱ ይሳሳታል። እሳቸው ያሉት ጋዙን እንደ ሕዝብ ቁጠሩት ነው፦ ይህን ያህሉ የጋለ፣ ይህን ያህሉ ለብ ያለ፣ ይህን ያህሉ ቀዝቃዛ።

በ2016 በ93 ዓመታቸው ሲያርፉ በብዙ ቢሮዎች ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረው ያው የ1970ዎቹ ሞዴል ነበር።