የሜልበርን የመጀመሪያው ትልቅ ግድብ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማሰላስለው በአውስትራሊያ ለሜልበርን ከተማ ስለተሠራው ስለ ያን ዪን ግድብ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1851 ወርቅ ተገኘና ሰው ወደ ሜልበርን ጎረፈ። የሚጠጣው ከያራ ወንዝ ተቀድቶ በርሜል በጫነ ጋሪ የሚዞር ውሃ ነበር። ቆዳ ፋቂውም ሱፍ አጣቢውም ፍሳሹን የሚለቀው እዚያው ወንዝ ላይ ነው።

ጄምስ ብላክበርን፣ በወንጀል ተፈርዶበት ከእንግሊዝ በግዞት ወደ ታዝማኒያ ደሴት ተልኮ የነበረ መሐንዲስ፣ የፕሌንቲን ወንዝ ጠልፎ ከከተማው በስተሰሜን ማጠራቀም የሚል ሐሳብ አመጣ። ቦታው ከባሕር ወለል 180 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ፓምፕ አያስፈልግም። ሥራው በ1853 ተጀመረ፣ በ1857 መጨረሻ ውሃው ተለቀቀ። ብላክበርን ግን በ1854 ሞቷል።

ግድቡ የአፈር ነው፤ ቁመቱ 10 ሜትር አይሞላም፣ ርዝመቱ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ውሃ የሚያግደው መሃሉ ላይ ያለው የሸክላ ጭቃ ግድግዳ ነው። ሸክላው ይረጥባል፣ ይቦካል፣ በስስ ንጣፍ እየተረገጠ ይነሳል። ከሥር ውሃ የማያሳልፍ አፈር ድረስ ካልወረደ ውሃው በታች ይሾልካል። በሥራ መሃል ከደረቀ ደግሞ ይሰነጠቃል።

የሚይዘው 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለ200,000 ሰው፣ በነፍስ ወከፍ በቀን 150 ሊትር ብትሉት፣ ትነቱን ሳንቀንስ 1,000 ቀን ያህል ነው። መጠኑን በደንብ አስበውበታል።

ግፊቱ ግን አስቸገረ። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል፤ 180 ሜትር ማለት 18 ባር። ቀን ሰዉ ሲቀዳ ውሃው በቧንቧው ውስጥ እየተፋተገ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሌሊት ሁሉም ሲዘጋ ሙሉው ቧንቧው ላይ ያርፋል። የሚፈነዳውም ያኔ ነው። በ1864 በግድቡና በከተማው መሃል፣ ፕሬስተን የሚባል ቦታ ላይ፣ ማጠራቀሚያ ተሠራ፤ ውሃው እዚያ አየር ስለሚያገኝ ይዞት የመጣው ግፊት ይጠፋል፤ የከተማው ግፊት የሚቆጠረው ከፕሬስተን ከፍታ ጀምሮ ብቻ ሆነ።

ሌላው ጣጣ እርሳስ ነው። ወደ ቤት የሚገባው ቀጭን ቧንቧ የእርሳስ ነበር። ማዕድን ያልበዛበት ውሃ ቧንቧውን ከውስጥ የሚሸፍን ቅርፊት ስለማይሠራ እርሳሱን ያሟሟዋል፤ ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳ ሰው ብዙውን ይጠጣል።

በእኔ እይታ ትልቁ ስህተት ግን ከግድቡ በላይ ነው። ግድቡ ሲሠራ ተፋሰሱ አልተከለለም። ወንዙ ዳር እርሻ ነበር፣ ከብት ነበር፣ ረግረግ ነበር፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይሸታል። በ1880ዎቹ ከተራራው ሰንሰለት ማዶ የዋለቢ ክሪክ ጅረት ውሃ ተጠልፎ ቱሩሮንግ ወደሚባል ትንሽ ማጠራቀሚያ መጣ። ከዚያ እስከ ያን ዪን አዲስ ቦይ ተቆፈረለት፤ ረግረጉንና እርሻውን በጎን እንዲያልፍ።