የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ተማሪዎቻችንን በጊዜ እንድረስላቸው

የተከበራችሁ የፊዚክስ መምህራንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣

ስለ አንደኛ ዓመት ፊዚክስ ውጤት ስንነጋገር ዓይናችን የሚያርፈው የማጠቃለያ ፈተናው ላይ ነው። ተማሪው ግን ከእጃችን የሚወጣው ቀደም ብሎ፣ ቬክተርና የኒውተን ሕጎች በሚሰጡባቸው የመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት ነው። ሥራና ጉልበት፣ ሞመንተም፣ የሽክርክር እንቅስቃሴ ሁሉም በእነዚያ ላይ ይቆማሉ። ፈተና ሲቃረብ የሚሰጥ ማጠናከሪያ እምብዛም የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ነጥብ የማይያዝበት የ30 ደቂቃ የሒሳብ መለያ ፈተና እንስጥ። ቀመር ገልብጦ የተፈለገውን ማውጣት፣ አሃድ መለወጥ (በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስንት ሜትር ነው? 20)፣ የግራፍ ስሎፕ ማንበብ፣ ቬክተርን በሳይንና በኮሳይን መከፋፈል፤ ይኸው ይበቃል። የጎደለው ሁሉ ከሥር ይማር ማለቴ አይደለም፤ የጎደለውን ብቻ፣ ከመደበኛው ትምህርት ሳይቀር ይለማመድ።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ከእጅ ከተለቀቀ በኋላ፣ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ ምን ምን ኃይል ያርፍበታል? የአየሩን ተቃውሞ እንተወው። ብዙዎች «የእጅ ኃይል ወደ ላይ፣ ስበት ወደ ታች» ብለው ይመልሳሉ። ያለው ግን ስበት ብቻ ነው። እንቅስቃሴ ባለበት ሁሉ ወደዚያው የሚገፋ ኃይል አለ የሚለው እምነት ከልጅነት አብሮ ያደገ ስለሆነ፣ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በቃሉ የሚወጣ፣ ቁጥር አስገብቶ በትክክል የሚያሰላ ተማሪም ይዞት ይዘልቃል። ገለጻ ብቻውን አይነቅለውም።

የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተጠቀመበት መንገድ እዚህ ላይ ይረዳናል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይቀርባል፤ ተማሪው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ብቻውን ያስብና መልሱን በካርድ ወይም በስልክ ያሳያል። መምህሩ መልሱን አይናገርም። ትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ ተማሪዎቹ ከጎናቸው ካለው ጋር ተከራክረው ድጋሚ ይመልሳሉ። ከዚያ ካነሱ ገለጻው ይደገም፤ ከበለጡ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ ማለፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መምህሩ ዝምታው ከብዶት መልሱን ቶሎ ሲናገር ነው፤ ያኔ ክርክሩ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የ225 ጥናቶች ትንተና እንዳሳየው፣ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ኮርሶች ተማሪው በሚሳተፍባቸው ክፍሎች የወደቁት በአማካይ 21.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ገለጻ ብቻ በሚሰጥባቸው 33.8 በመቶ ነበሩ።

አራረማችንም ይስተካከል። ያዘመመ ወለል ላይ ላለ ሳጥን ተማሪው ወለሉ የሚገፋበትን ኃይል ከክብደቱ እኩል አድርጎ ይጽፋል፤ በአግድም ወለል ላይ የለመደው ያንን ነውና። የኃይሎች ሥዕል ሳይሠራ ወደ ቀመር የሚሮጥ ሁሉ እዚህ ይሰናከላል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ነጥብ ሲሶው ለሥዕሉ ይሁን፤ ነጥብ የሌለውን ነገር ተማሪ አይሠራውም።

በየሳምንቱ የ10 ደቂቃ አጭር ፈተና ይኑር፤ የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና ከአራተኛው ሳምንት አይለፍ። ሁለት አጭር ፈተና በተከታታይ የቀረ ተማሪ በዚያው ሳምንት በስሙ ይጠራ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ጥሪ አይበቃም፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ተማሪ ሰሌዳውን አያይምና። ይህን ዝርዝር የሚይዝ፣ የቀረውን የሚያነጋግር አንድ ሰው ከየትምህርት ክፍሉ ሴሚስተሩ ሳይጀመር እንዲመደብ፣ ሰዓቱም ከማስተማር ጭነቱ ላይ እንዲታሰብለት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።