መጀመሪያ ጎማው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ወደ ዳሎልና ኤርታሌ ስለሚወርድ ላንድክሩዘር እናውራ። ጋራዥ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለው «ከፍ አድርጉልኝ» ነው። እኔ ግን ከፍታው ለምን እንደሚቀድም አይገባኝም። ወጥ አክስል (ግራና ቀኙን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) ያለው መኪና ላይ 5 ሴንቲሜትር የሚረዝም ሞላ ብትገጥሙ ቦዲው ይነሳል እንጂ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም አክስሉ ላይ ያለው የማርሽ ቤት፣ ከመሬት አንድ ሚሊሜትር አይርቅም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው።

ኤርታሌ ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይ የረጋ ላቫ ነው፤ ጠርዙ የተሰበረ ጠርሙስ በሉት። የሚቀደው ደግሞ በአብዛኛው የጎማውን ጎን ነው። ስለዚህ የጥርሱን ግዝፈት ከማድነቃችሁ በፊት ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ «ኤልቲ» (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የሚል፣ 8 ወይም 10 ፕላይ (የጎማው የጥንካሬ ደረጃ) ይሁን። ከዚያ ባለ አራት አኃዙን የምርት ቀን ፈልጉ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ግን ይደርቃል። ስድስት ዓመት ያለፈውን በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝም አልወስድም።

መጠኑስ? የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የመጨረሻው ቸርኬው በኢንች ነው። ከ265/70 አር 16 ወደ 285/75 አር 16 ስትሄዱ የጎማው ቁመት ከ777 ወደ 834 ሚሊሜትር ግድም ያድጋል። ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው የዚያን ግማሽ፣ 28 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በምትኩ ቆጣሪው 80 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 86 ይጠጋል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይታክታል፣ ፍሬኑም ይከብደዋል። 265/75 መሐል ቤት ነው፤ ለእኔ ይበቃል። ከመነዳሪ ያለው 7.50 አር 16 የትም ያለ ጎሚስታ ስለሚጠግነው ይወደዳል። አሸዋ ላይ ንፋሱ ሲቀነስ ግን ከመነዳሪው ውስጥ ውስጡን ይንሸራተትና ቫልቩ ከሥሩ ይበጠሳል።

ንፋስን በተመለከተ፣ ለተጫነ መኪና አስፋልት ላይ ከ36 እስከ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ጠጠር ላይ 28፣ አሸዋ ላይ 18 መነሻ ይሁናችሁ፤ በ18 ስትነዱ ከ30 ኪሎሜትር በሰዓት አትለፉ። ላቫ ላይ 18 አይሆንም፤ ጎማው ወደ ጎን ያብጥና ስሱን ቦታ ለድንጋዩ ይሰጠዋል። 25 አድርጋችሁ በእግር ፍጥነት እለፉ። መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የዳሎል ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ነው። ታች የውጪው አየር ስለሚከብድ ጌጁ 3 ፒኤስአይ ግድም ይቀንሳል፤ 20 ዲግሪ የጨመረው ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልሳል። ስለዚህ መቀሌ የለካችሁትን አትመኑ፤ እዚያው ታች፣ ማለዳ፣ ሳትንቀሳቀሱ ለኩ። ተነድቶ የጋለ ጎማ ንባቡ ከፍ ስላለ ብቻ አታስተንፍሱት።

ወደ ባሌስትራው፣ ማለትም ወደ ተደራራቢው የብረት ንጣፍ ሞላ፣ ስንመጣ፣ የምትገዙት ሁልጊዜ መኪናው ላይ ለሚኖረው ጭነት ነው። ሁለት ስኮርት (ተጠባባቂ ጎማ) ከነቸርኬያቸው፣ አምስት ጀሪካን ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ፣ ድንኳን፣ ናፍጣ፤ ደምሩት። ለ300 ኪሎ የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ የኋላውን እንደ ፍየል ያዘልለዋል። ከጭነት መኪና አንድ ንጣፍ ቆርጦ መጨመር ርካሽ ነው፣ ግን ኩርባው ስለማይገጥም ጫናው አንድ ቦታ ይሰበሰብና ዋናው ባሌስትራ ይሰበራል።

ሾክ አብዞርበሩ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሞገድ ያወጣ ጠጠር ላይ ያለ እረፍት ሲመላለስ ዘይቱ ይግላል፣ አየር ይቀላቅላል፣ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ አይቋቋምም። መኪናው መንሳፈፍ ከጀመረ ቁሙና ይብረድ፤ ውሃ አትድፉበት። ወፍራም አካል ያለው፣ በናይትሮጅን የታገዘ ምረጡ። ሲቀዘቅዝ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፦ ዘንጉ ከሚገባበት በታች አቧራ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ካገኛችሁ ጎሚኒው ዘይት እያሳለፈ ነው።

አሁን ከፍታው። 5 ሴንቲሜትር ካነሳችሁ የፊት አክስሉ ይዞርና ካስተሩ (መሪው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያለው ዘመምታ) ይቀንሳል፣ መሪው በራሱ መመለሱን ይተዋል፤ ማስተካከያ ጎሚኒ ያስፈልጋል። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ይታይ። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘው የፍሬን ቫልቭ ደግሞ መኪናው ከፍ ስላለ ባዶ ይመስለዋል፣ ለኋላ ፍሬን የሚያደርሰውን ግፊት ይቀንሳል። ይሄ ካልተስተካከለ አደጋ ነው፤ ብዙ ጋራዥ ይረሳዋል።

ሲገጠም የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቂያቸው መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ሳይሆን በጎማው ቆሞ ይሁን። ተሰቅሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ዳግም አጥብቁ፣ ከዚያ ቡሎኑና ዳዶው ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አሳልፉ። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ካያችሁት ዳዶው ዞሯል።