ጉርሻዬ የተመለሰ ቀን

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

አዘዞ አንድ ማኅበር ላይ ነው። ጠቅልዬ ላጎርሳት ስዘረጋ ሴትየዋ እጄን አየችና "ጠገብኩ" አለች። ገና መብላት መጀመራችን ነበር። እጄ ላይ ያለው ችፌ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ይህን ማን ነግሯት? በጋ ገብቶ አየሩ ሲደርቅ ሌሊቱን ስታከክ አድራለሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለ አዳዲስ መድኃኒቶች ሙከራ ላወራችሁ ነው። "ሙከራ" ሲባል ብዙዎቻችን "መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው" እንላለን። ፍርሃቱ ይገባኛል።

ለችፌ የሚሰጥ ዱፒሉማብ የሚባል መርፌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤታቸው ከታተመው ሙከራዎች በአንዱ 671 አዋቂዎች ተሳትፈዋል። በዕጣ ተከፋፈሉ። ሁለት ሦስተኛው መድኃኒቱን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ አንድ ሦስተኛው መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ተወጋ። ማን የትኛውን እንደተወጋ ሐኪሙም ታካሚውም አያውቁም። ከ16 ሳምንት በኋላ፣ መድኃኒቱን በየሁለት ሳምንቱ ከወሰዱት ከ100ው 38ቱ ቆዳቸው ጠራ፣ ወይም ሊጠራ ጥቂት ቀረው። ባዶውን ከተወጉት ደግሞ 10ሩ። እነዚህን 10ሩን ልብ በሉልኝ። ችፌ በራሱ ጊዜ ይብሳል፣ በራሱ ጊዜ ይሻላል። ጎረቤት "ይሄ ቅባት አዳነኝ" ሲላችሁ ምናልባት ከ10ሩ አንዱ ነው። ማነጻጸሪያ ከሌለ አይታወቅም።

መርፌው እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂዎች ተፈቀደ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በእነዚህ ሙከራዎች ችፌ ከ0 እስከ 72 በሚደርስ ነጥብ ይለካል። ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ መቅላት ነው። የኛ ቆዳ ሲቆጣ ግን ሁልጊዜ አይቀላም። ይጠቁራል፣ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ አመድ ይመስላል። ቀይ ብቻ የሚፈልግ ዓይን ሕመማችንን አሳንሶ ይመዘግበዋል። ጥቁሮች ደግሞ በሙከራዎቹ ውስጥ ጥቂት ናቸው።

የሕክምና ተማሪዎች፣ እባካችሁ በዳሰሳም ለዩት። እብጠቱን፣ መወፈሩን፣ ሻካራነቱን እጃችሁ ይነግራችኋል። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሰለጥን ኖራለች፤ ይህን እናንተ ካልጀመራችሁት ማን ይጀምረዋል?

እናንተ ታማሚዎች ደግሞ፣ አንድ ቀን ተሳተፉ ብትባሉ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ብጎዳ ማን ያክመኛል በሉ። የፈረመ ሰው በፈለገ ሰዓት ማቋረጥ ይችላል፤ ስላቋረጠም መደበኛ ሕክምናው አይነፈገውም።

ያቺ እህቴ እዚህ ካለች፣ ከዚህ በኋላ ምሳ አለ። መጥታ አጠገቤ ትቀመጥልኝ።