ወላጅና ልጅ አብረው ማንበብ የሚማሩበት ፕሮግራም፦ ግራንቱ ለማን ነው የሚሰጠው?

ሰላም ሰላም! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ወሬያችን ስለ ግራንት፣ ማለትም ስለማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ ነው። ስለ ማንኛውም ግራንት ግን አይደለም። እዚህ አሜሪካ ወላጅና ልጅ አብረው ማንበብ ለሚማሩባቸው የማኅበረሰብ ፕሮግራሞች ስለሚሰጠው ነው። «ፋሚሊ ሊትሬሲ» ይሉታል፣ የቤተሰብ ንባብ። ፎርም አሞላል ፈልጋችሁ የገባችሁ ትንሽ ታገሡኝ። መጀመሪያ ደቦ እንወጣለን። አዎ፣ ደቦ።

ገጠር ያደገ ያውቀዋል፣ ከተማ ያደገም ከአያቱ ሰምቷል። ገበሬው አዝመራው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ደቦ ይጠራል። ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ክፍያ የለም። እንግዲህ ነፃ ነው ማለት ነው፣ አይደል? ቆይ! ጠላውን ማን ጠመቀው? እንጀራውን ማን ጋገረው? ደቦው ገና ሳይደርስ እኮ ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነው፤ ጌሾ ይወቀጣል፣ ጥንስስ ይጠነሰሳል፣ ሽሮው ይዘጋጃል። የሚታጨደው ማሳም ቀድሞ ይታወቃል። ሰው ከተሰበሰበ በኋላ «እስቲ የቱን ብናጭድ ይሻላል?» የሚል ባለደቦ አይቼ አላውቅም። ደግሞ ደቦ የመጣ ሰው አጭዶልህ ይሄዳል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አብሮህ አይከርምም። በእሱ ቀን ደግሞ አንተ ትወጣለህ። ከቀረህ? ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ በሚቀጥለው ዓመት ብቻህን ታጭዳለህ።

በቃ፣ ግራንት ይሄው ነው። ማሳው ፕሮግራማችሁ ነው። ጠላውና እንጀራው እነሱ «ማች» የሚሉት ነው፣ ከእናንተ በኩል የሚዋጣው ድርሻ። በእነሱ ቀን መውጣት ደግሞ ሪፖርት ማቅረብ ነው፣ ያልወጣ ሁለተኛ አይጠራም። ማሳ ሳይኖራችሁ ደቦ አትጥሩ!

ይሄን ከኪሴ አላመጣሁትም፣ ሕጉ ራሱ እንዲህ ነበር። ለቤተሰብ ንባብ ገንዘብ የሚሰጥ ኢቨን ስታርት የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም ነበር፣ በ1988 የታወጀ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ከጀርባው የነበሩት የፔንሲልቬንያው የምክር ቤት አባል ዊልያም ጉድሊንግ ናቸው፣ ፖለቲካ ውስጥ ሳይገቡ በፊት መምህር የነበሩ ሰው። መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት ከወጪው ቢበዛ 90 በመቶ ይሸፍን ነበር። በሁለተኛው 80፣ በሦስተኛው 70፣ በአራተኛው 60። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው 50፣ ከዚያ በኋላ 35። አያችሁ? ደቦኛው በየዓመቱ እየሳሳ ይሄድ ነበር። የድርጅቱ ድርሻ ደግሞ የግድ ጥሬ ገንዘብ መሆን አልነበረበትም፤ ክፍል፣ ዕቃ፣ የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት በዋጋ ተተምኖ ይያዝለት ነበር። ለእኛ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ገንዘብ ሊያጥረን ይችላል፣ አዳራሽና የሚያግዝ ሰው ግን መቼ አጣን?

ኢቨን ስታርት በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመት 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። በ2003 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ግን ክፉኛ መታው። ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩት ቤተሰቦች ተሻሽለዋል፣ ችግሩ ያልገቡትም የዚያኑ ያህል ተሻሽለዋል። በ2011 በጀቱ ጭራሽ ተቋረጠ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ችግር ሐሳቡ ላይ አልነበረም፤ ብዙ ቤተሰቦች ተመዝግበው የሚካፈሉት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት በሳምንት ስንት ቀን ትምጣ?

አሁን ዋናው ነገር። የቤተሰብ ንባብ የሚባለው አራት እግር አለው፤ ወላጅ ይማራል፣ ልጅ ይማራል፣ ወላጅ ልጁን እንዴት እንደሚያግዝ ይሠለጥናል፣ አራተኛው ደግሞ ሁለቱ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ያነባሉ። አራተኛው ነው ልዩ የሚያደርገው። ኬንታኪ ውስጥ በ1980ዎቹ ሲጀመር ጀምሮ ለዚህ የተለየ ሰዓት ተመድቦለታል። የእኛን የቅዳሜ ትምህርት ቤት አስቡት እስቲ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ «ሀ ሁ» ይላሉ። ወላጆቹስ? ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ላይ ቁጭ ብለው ስልክ ይነካካሉ! (አንተን ነው፣ አዎ፣ ይሄን ቪዲዮ አሁን እዚያው ሆነህ የምታየውን። ላይክ አድርግና ግባ።) ይሄ የልጆች ትምህርት ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ፋሚሊ ሊትሬሲ ብላችሁ ብታመለክቱበት ገምጋሚው ወዲያው ያየዋል።

እሺ፣ ወደ ኮሜንቶቹ። ባለፈው ቪዲዮ ስር ደጋግማችሁ የጻፋችሁት «እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን፣ መንግሥት ለሃይማኖት ድርጅት ገንዘብ አይሰጥም» የሚል ነው። መስጊድም ጠይቃችኋል። ይሰጣል! በ2014 የወጣው የሥራ ኃይል ሕግ፣ ዊኦዋ የሚሉት፣ ለጎልማሶች ትምህርት ገንዘብ (የቤተሰብ ንባብም በዚህ ውስጥ ይካተታል) ማመልከት ከሚችሉት መካከል የእምነት ድርጅቶችን በስም ጠቅሷል። ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አውርዱም አይሏችሁም። የማይቻለው በዚያ ገንዘብ አምልኮ ወይም የሃይማኖት ትምህርት መስጠት ነው። አባቶቻችን ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ነው ማንበብ የለመዱት፣ አውቃለሁ። በግራንቱ ሰዓት ግን ዳዊት አይደገምም፤ እሱ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ ክፍል፣ በፈቃደኝነት ይሆናል። ጎረቤት ያለችው የሳልቫዶር እናት ልማር ብላ ብትመጣም በሃይማኖቷ መመለስ አይቻልም። እና አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ብዙ ሰው አይወደውም፤ የዚህ ሕግ ማንበብና መጻፍ የእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ማስተማሪያ ብላችሁ ከዚያ አትጠብቁ። ለወላጁ እንግሊዝኛ፣ ለልጁ ንባብ፣ በአብሮ ማንበቢያው ሰዓት ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ መጽሐፍ ማቅረብ ትችላላችሁ ወይ ብላችሁ የስቴታችሁን የጎልማሶች ትምህርት ቢሮ ጠይቁ።

ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ መሠረታዊውን ታውቁታላችሁ። 501 ሲ 3 የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ፈቃድ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ ለፌዴራል ገንዘብ ደግሞ ሳም በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ ዩኢአይ የሚባለውን የድርጅት መለያ ቁጥር ማግኘት። ሳም በነፃ ነው! በየዓመቱ ይታደሳል፣ እሱም በነፃ። ገንዘብ ክፈሉ የሚል ኢሜል ከመጣላችሁ ሰርዙት። የዊኦዋው ገንዘብ የሚሄደው በስቴቱ በኩል ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ ውድድር ይወጣል፣ ለአስተዳደር በመደበኛው የሚፈቀደው 5 በመቶ ብቻ ነው፣ ከዚህ በፊት ውጤት ማምጣታችሁንም በመረጃ አሳዩ ይሏችኋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ ታወጣላችሁ፣ በኋላ ይተካላችኋል። አዲስ ድርጅት ለብቻው ይሄን አይችለውም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም ላይብረሪ ጋር ተጣመሩ፤ እነሱ የውጤት መረጃውን ያመጣሉ፣ እናንተ ሰውን። የግል ፋውንዴሽኖችም አሉ፣ የዳላር ጀነራሉን የመሰለ፣ እሱ ሱቆቹ ባሉበት አካባቢ ነው የሚሰጠው።

«ለእኔና ለልጆቼ ይሰጡኛል ወይ?» ላላችሁ፣ አይሰጡም፣ ግራንቱ ለድርጅት ነው። እናንተ መማሪያው ጋ ሄዳችሁ በነፃ ትማራላችሁ። «መንግሥት ግራንት ሰጥቶሃል» ብሎ በፌስቡክ የሚጽፍላችሁን ሰው ደግሞ ብሎክ አድርጉ።

ባጀት አጻጻፉን፣ በተለይ የበጎ ፈቃደኛ ሰዓት እንዴት እንደሚተመን፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ መስመር በመስመር እናየዋለን። ሳብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ የየትኛው ስቴት ነዋሪ እንደሆናችሁም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ምሳሌውን ከእሱ እወስዳለሁ።