ክላስተሩን በእጅ አትነካኩ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

በዚህ ሳምንት በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የኩበርኔቲስን (አፕሊኬሽኖችን ክላስተር በሚባል የማሽኖች ስብስብ ላይ የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ኮንፊግ በኮድ ስለመያዝ፣ ማለትም ቅንብሩን በፋይል ጽፎ ስለማስቀመጥ ነበሩ። በአየር ላይ የመለስኳቸውን፣ ሰዓት ያጠረባቸውንም ጨምሬ፣ እነሆ።

ከታቦር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ሄልም ልማር ወይስ ከስተማይዝ? ጓደኞቼ ተከራክረው አልጨረሱም።

ሁለቱም የኩበርኔቲስን የቅንብር ፋይሎች የሚያዘጋጁ መሣሪያዎች ናቸው። የራስህን ሁለት ሦስት አፕሊኬሽን ለሙከራ አንድ ዓይነት፣ ለደንበኛ ሌላ ዓይነት አድርገህ የምታሰማራ ከሆነ ከስተማይዝ ይበቃሃል። አንድ መነሻ ያምል (የቅንብር ጽሑፍ ፋይል) ትጽፋለህ፤ የሚለያየውን ብቻ በላዩ ትደርባለህ። ሄልም የሚያስፈልግህ እንደ ፕሮሜቴየስ (የሲስተም መከታተያ) ያለ ሌሎች ያዘጋጁትን ጥቅል ስትጭን፣ ወይም ያንተን ሥራ ሌላው ሰው በራሱ ቁጥሮች እንዲጭነው ስትፈልግ ነው። ሁለቱንም ልመድ። በሄልም የጫንከውን ግን በእጅ አትንካ፤ የምትቀይረው ቁጥሮቹ የሚጻፉበት ቫልዩስ ፋይል ላይ ነው።

ከመናኸሪያ፦ ከስተማይዝን ለብቻው መጫን አለብኝ?

የለብህም። በ2019 ከወጣው ኩበርኔቲስ 1.14 ጀምሮ ክላስተሩን በምናዝበት መሣሪያ፣ በኩብሲቲኤል፣ ውስጥ አለ።

ከአቶቴ፦ ሌሊት ሲስተሙ ሲጨናነቅ «ኩብሲቲኤል ኤዲት» ብዬ የአፕሊኬሽኑን ቅጂዎች ቁጥር በቀጥታ ክላስተሩ ላይ እቀይርና እተኛለሁ። እስካሁን ምንም አልሆነም። ምን ችግር አለው?

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም፤ «እስካሁን ምንም አልሆነም» የምትለዋም አትቀርም። ረጋ ብለህ ስማኝ።

ጊት (የፋይሎች ለውጥ የሚመዘገብበት) ላይ ያለው ፋይል 2 ቅጂ ይላል፤ አንተ ክላስተሩ ላይ 6 አደረግከው። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አንተ ነህ፣ አንተም ተኝተሃል። ዱቤ ሰጥቶ መዝገቡ ላይ ያላሰፈረ ባለሱቅ ማለት ነህ። ጠዋት ሱቁን የሚረከበው ወንድምህ መዝገቡን ነው የሚያምነው።

በእኔ ደርሷል። የፍቼ ጫምባላላ ዋዜማ ነበር፤ የምንጠብቀው የሆቴል ማስያዣ ሲስተም በእንግዳ ብዛት ተጨናነቀ። ሌሊቱን በእጄ ከ2 ወደ 6 አሳደግኩት፤ ቀለል አለልኝና ተኛሁ። ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ሌላ አንዲት መስመር አስተካክላ ያንኑ ፋይል «አፕላይ» አደረገችው፣ ማለትም ክላስተሩ ላይ አዋለችው። ኩበርኔቲስ የታዘዘውን ፈጸመ፦ ፋይሉ 2 ስለሚል አራቱን ቅጂዎች አጠፋ። የቀሩት ሁለቱ ሸክሙን አልቻሉትም፤ እየወደቁ እየተነሱ ግማሽ ቀን አለፈ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የተወቀሰችው ግን እሷ ናት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ቁጥሩን ፋይሉ ላይ ቀይር፣ ጊት ላይ አስገባ፣ «ኩብሲቲኤል ዲፍ» ብለህ በፋይሉና በሚሠራው ክላስተር መካከል ያለውን ልዩነት በዓይንህ እይ፣ ከዚያ አሰማራ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጭነቱ በየጊዜው የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን እንደ ጭነቱ ቅጂ ለሚጨምረውና ለሚቀንሰው አውቶስኬለር ተውለት፤ ያኔ የቅጂዎቹን ቁጥር ከፋይሉ አውጣው፣ አለዚያ ሁለቱ ይጣሉብሃል። ቡድናችሁ ከሦስት ሰው ከበለጠ አርጎ ሲዲን ወይም ፍለክስን ትከሉ። ጊትን እየተከታተለ ክላስተሩን ከፋይሉ ጋር የሚያስማማው እሱ ይሆናል። አርጎ ላይ ራሱን የሚያርመውን ቅንብር ማብራት አትርሱ፤ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ለሰዎች ደግሞ ደንበኛ የሚጠቀምበት ክላስተር ላይ የማየት ፈቃድ ብቻ ስጡ።

ቤት ሲቃጠል በእጅ መንካት ግድ ይሆናል፤ ያንን አልከለክልም። ግን እሳቱ እንደጠፋ፣ ሳትተኛ፣ ፋይሉን አስተካክል።

ከሐይቅ ዳር፣ አንዲት እህት፦ የዳታቤዝ ፓስወርዱን በሲክሬት (የኩበርኔቲስ ምስጢር መያዣ) ፋይል ጊት ላይ አስቀምጫለሁ። ቤዝ 64 ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

አለው፣ እህቴ። ቤዝ 64 አጻጻፍ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ ይፈታዋል። ፋይሉን ብታጠፊውም የጊት ታሪክ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ መጀመሪያ ፓስወርዱን ራሱን ቀይሪ። ከዚያ በሶፕስ ወይም በሲልድ ሲክሬትስ ቆልፈሽ አስቀምጪ፤ የተቆለፈው ጊት ላይ ቢቀመጥ አያስፈራም። አዲሱንም ታዲያ በእጅ ክላስተሩ ላይ አትለጥፊው፤ በፋይል ይሂድ።

ከፒያሳ፦ ያምል ላይ «ኖ» ብዬ የጻፍኩት የአገር ኮድ «ፎልስ» ሆነብኝ።

ያምል «ኖ»ን እንደ «አይደለም» ስለሚያነበው ነው፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባው።

ከአዲስ ከተማ፦ ሁሉንም ነገር በቴራፎርም ብሠራውስ?

ክላስተሩን፣ ኔትወርኩንና ማሽኖቹን በእሱ ፍጠር፤ በየቀኑ የሚቀያየሩትን አፕሊኬሽኖች ግን ለአርጎ ወይም ለፍለክስ ተው። ቴራፎርም የፈጠረውን ሁሉ የሚመዘግብበትን የስቴት ፋይል ጊት ላይ እንዳታስገባ፤ ፓስወርዶችህ በግልጽ ተጽፈው ሊገኙበት ይችላሉ።

ከሻሸመኔ የደወሉ አባት፦ ከሦስቱ ዋና ማሽኖቻችን ሁለቱ መብራት ሲመላለስ ተቃጠሉ። ኩብሲቲኤል አይመልስም። የትኛውን ትእዛዝ ልስጥ?

ምንም ትእዛዝ አይስጡ፣ አባቴ። የክላስተሩን መረጃ የሚይዘው ኢቲሲዲ ከሦስቱ ሁለቱን ካላገኘ አዲስ ነገር አይጽፍም። በሠራተኛ ማሽኖቹ ላይ ያሉት አፕሊኬሽኖች ግን አሁንም እየሠሩ ሊሆን ስለሚችል አያጥፏቸው። ከኢንተርኔት ያገኙትን የ«ሪሴት» ትእዛዝ እንዳይሞክሩ፤ የተረፈውን ማሽን ዲስክ ኮፒ ያስወስዱ። ኢቲሲዲን ከባክአፕ መልሶ የሚያውቅ ባለሙያ ዛሬውኑ ያስጠሩ። እሱም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ያምሎቹ ጊት ላይ መኖራቸውን ነውና፣ እስኪመጣ ልጆቹን ይጠይቁልኝ።