4,294,967,297 እና 641

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 4,294,967,297። የምወዳቸው ቁጥሮች ብዙ ናቸው፣ ይሄኛው ግን ይለይብኛል።

ከየት መጣ? 32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙና 1 ጨምሩ። በቃ። በ1640 ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ይመረምር ነበር። የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆን 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይወጣሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ፌርማ የሚቀጥሉትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ቀጣዩ ደግሞ የኛው ቁጥር ነው።

በ1732 ሊዮናርድ ኦይለር ጉዳዩን ቋጨው። ቁጥሩ 641 ሲባዛ በ6,700,417 ነው።

641 እኮ ትንሽ ቁጥር ነው! ከ2 ጀምራችሁ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ ብትሞክሩ 116ኛው ላይ ታገኙታላችሁ። አድካሚ ነው፣ ግን በወረቀት ይቻላል። አቋራጭም አለ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ 193ን፣ 257ን፣ 449ን፣ 577ን ሞክራችሁ ታልፋላችሁ። አምስተኛው 641 ነው።

እኔን ልቤን የሚነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። 641ን በሁለት መንገድ ጻፉት። አንደኛው፣ 5 ሲባዛ በ128፣ ሲደመር 1። 128 ሰባት ሁለቶች ሲባዙ ነው። ሁለተኛው፣ 625 ሲደመር 16። 625 አራት አምስቶች፣ 16 ደግሞ አራት ሁለቶች ሲባዙ ነው። ካላችሁ ወረቀት ያዙ፣ ደስ ይላል።

አሁን ለ641 ስናካፍል የሚተርፈውን ብቻ እንከተል። 5 ሲባዛ በ128 ከ641 በ1 ያንሳል፤ ቀሪው ነጌቲቭ 1 ነው እንበል። አራቴ ወስደን እርስ በርሱ ስናባዛው ቀሪው 1 ይሆናል። ውስጡ ያሉት አራት አምስቶችና 28 ሁለቶች ናቸው። በ625 ቦታ ነጌቲቭ 16ን መተካት እንችላለን፤ 625 እና 16 ሲደመሩ 641 ናቸዋ! በ28ቱ ላይ አራት ሁለቶች መጡ፣ 32 ሞሉ። ስለዚህ የ32ቱ ሁለቶች ብዜት ቀሪው ነጌቲቭ 1 ነው። 1 ጨምሩበት፣ ዜሮ። ትልቁን ቁጥር አንዴም ሳንጽፍ ጨረስን። ይህን መጀመሪያ ሳየው ደጋግሜ ሠራሁት፤ አሁንም አልሰለቸኝም።

ከፌርማ አምስቱ ወዲህ ስድስተኛ ብቸኛ ቁጥር በዚህ መስመር አልተገኘም። ከኛ ቁጥር ቀጥለው ያሉት 27ቱ ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል። ከነሱ ሁለቱ ግን እስካሁን አንድም አካፋያቸው አልታወቀም። አንዱ ከ5 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው። የሚያካፍለው ቁጥር እንዳለ እናውቃለን፣ የትኛው እንደሆነ ግን አናውቅም። አንድ ቀን ሲገኝ ባይ በጣም ደስ ይለኛል።